ጦርነት ከልብ ነው ወይስ ከካዝና?

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት የተዘጋጀ)

እህል በረንዳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ገና ሳይነጋ የጭነት መኪናው ይቆማል፣ ሸራው ይገፈፋል፣ ተሸካሚው ኩንታሉን በትከሻው ይዞ «ዞር በሉ!» እያለ ያልፋል። እዚያ ሱቅ ያላቸው የጉባኤያችን አባት በቅርቡ ጆንያ ላይ አስቀምጠውኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ፓስተር፣ እናንተ ጦርነት ከኃጢአት ነው ትላላችሁ። እኔ ነጋዴ ነኝ። ገንዘብ የሌለው አይነግድም። መንግሥታት ገንዘብ ባይኖራቸው በምን ይዋጋሉ? ጦርነት የሚወጣው ከካዝና ነው።»

ቀልድ አልነበረም። የእህታቸው ልጅ በ2013 ዓ.ም. በጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም። ስለዚህ ጥቅስ ጠቅሼ ማለፍ አልቻልኩም፤ የአገራችንን ታሪክ ይዤ ተቀመጥኩ።

እስቲ ካዝና ካልነበረበት ዘመን እንጀምር። ዘመነ መሳፍንት የምንለው ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ጎንደር ላይ የተቀመጠው ንጉሥ ስም እንጂ ገንዘብም ሥልጣንም አልነበረውም። ታዲያ ሰላም ሆነ? የየጁው፣ የትግሬው፣ የጎጃሙ፣ የስሜኑ መስፍን እርስ በርሱ ሲዋጋ ከሰማንያ ዓመት በላይ አለፈ። ወታደሩ ደመወዝ የለውም፤ ደመወዙ የገበሬው ጎተራ ነው። ገብቶ ይበላል፣ በሬውን ያርዳል፣ ይሄዳል። ቃየል ወንድሙን ሲገድል በጀት አላስጸደቀም እኮ!

አፄ ቴዎድሮስ ይህን ሊያስቀሩ ፈለጉ። ወታደሩ ገበሬውን ከሚዘርፍ ደመወዝ ይቆረጥለት አሉ። መጥምቁ ዮሐንስም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ወደ እርሱ ለመጡት ወታደሮች ያላቸው ይህንኑ ነው፤ ሰው አትቀሙ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ። ንጉሡ ግን ገቢ አልነበራቸውም። ለሠራዊቱ ቀለብ ብለው የቤተ ክርስቲያንን መሬት ሊቀንሱ ቢነሡ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። ገንዘቡ ሲጠፋ ጦርነቱ ቆመ? አልቆመም፤ ባሰበት። በ1859 ዓ.ም. የራሳቸው ሠራዊት ጎንደርን ዘረፈ፣ አቃጠለ።

እዚህ ላይ እኛን ወንጌላውያንን የሚነካ ነገር አለ። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ለንጉሡ መድፍ ያቀለጡት እነማን ነበሩ? ከኢየሩሳሌም ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላካቸው፣ ወንጌል ሊያዳርሱ የመጡ ፕሮቴስታንት የእጅ ባለሙያዎች ናቸው! አናውቅበትም ቢሉም ተገደው ሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል ይባላል። እህል በረንዳ ያላችሁ ሰባ ኩንታል ምን ያህል እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ያን ሁሉ ብረት ገደል ለገደል እየጎተቱ መቅደላ አደረሱት፤ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ግን ንጉሡን አላዳናቸውም።

ታዲያ የነጋዴው አባታችን ቃል ከንቱ ነው? አይደለም። ወደ እሳቸው ወገን ደግሞ ልሂድ።

አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ አገሩን ካደቀቀ በኋላ፣ ወታደር በገበሬ ቤት እንዳይሰፍር ብለው አሥራት ደነገጉ። ገበሬው ከእህሉ ከአሥር አንዱን ለመንግሥት ጎተራ ይሰጣል። ለገበሬው እፎይታ የታሰበ ነው፤ ያው ጎተራ ግን ሠራዊትንም ይመግባል። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ሁለቱም ወገን ስንቁ እያለቀ ተፋጥጦ ነበር፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ በዚያች ሌሊት እንዲነሣ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ የቀለብ ማለቅ ነው። ቤቱን የተከላከለውንና ሊወር የመጣውን አንድ አላደርግም። ግን እዩ፣ የጦርነቱን ቀን እህል ሲቆርጠው!

ደርግ ዘመን ላይ ደግሞ ነገሩ ገሀድ ወጣ። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም ገበሬው በመንግሥት ዋጋ ኮታ እንዲያስገባ ተገደደ። ነጋዴውም ከገዛው ላይ ይቆረጥበታል፣ ኬላ ላይ ይያዛል። ምርቱ ያልደረሰለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስገባ ነበር። በረንዳው ላይ ያረጁ ሰዎች ይህን ያስታውሳሉ። እህሉ ለከተማ ቀበሌዎችም ለሠራዊቱም ሄደ፤ መሣሪያው ከሶቪየት ኅብረት በብድር መጣ፤ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ልጆቹ በብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ተጠሩ። ያ ሁሉ ባይቀርብ የሰሜኑ ውጊያ እስከ 1983 ዓ.ም. ባልዘለቀ ነበር። ኮታው በ1982 ተነሣ፤ መንግሥቱ ግን በማግሥቱ ዓመት ወደቀ።

በ1990 ዓ.ም.ም በናቅፋና በብር ምንዛሪ የተጀመረው ቅሬታ ሳይበርድ ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሁለት ድሃ አገሮች ለትምህርት ቤት ያጡትን ለታንክ አገኙት። ውጭ አገር ያሉ ወገኖችም በሁለቱም በኩል ዶላር አዋጡ። ብዙዎቹ ልባቸው ስለፈቀደ ሰጡ።

መልሱን ያገኘሁት እዚህ ጋ ነው፣ በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 8። ሳሙኤል ሕዝቡን አስጠነቀቀ፤ ንጉሡ ልጆቻችሁን ለሠረገላው ይወስዳል፣ ከእህላችሁ አሥራት ያወጣል አላቸው። እነሱ ግን እንቢ አሉ፤ እንደ አሕዛብ ፊት ፊታችን ወጥቶ የሚዋጋልን ንጉሥ ይሁንልን አሉ። ቅደም ተከተሉን አያችሁ? መጀመሪያ ምኞቱ፣ ቀጥሎ አሥራቱ። ያዕቆብም በምዕራፍ 4 ጠብ የሚነሣው በውስጣችን ካለው ምኞት ነው ይለናል። ካዝና ጦርነትን ያስረዝመዋል፣ ያሰፋዋል፤ የሚወልደው ግን ልብ ነው፤ ካዝናውንም የሚሞላው ያው ልብ ነው።

ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ሄጄ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ሚዛኑን እያዩ።

«ፓስተር» አሉ በመጨረሻ፣ «መንገድ ተዘጋ የተባለ ቀን የእህቴ ልጅ እዚያው ነበር። እኔ ግን ስልክ ከመደወሌ በፊት መጋዘን ገብቼ ስንት ኩንታል እንዳለኝ ቆጠርኩ። ዋጋው ይጨምራል ብዬ።»

ምን ልበላቸው? «ጋሼ፣ እኔም ዜና ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው የሞተው ከየትኛው ወገን ነው ብዬ ነው» አልኳቸው። ተሸካሚዎቹ ጭነት እያወረዱ ነበር። ከጆንያዎቹ መሀል ቆመን ጸለይን።