ጀሪካኑና ጠብታው

ሆሳዕና፣ ዱራሜ ወይም ሾኔ ሰንብቶ የተመለሰ ሰው ቢጫውን ጀሪካን አይዘነጋውም። ሃያ ሊትር ይይዛል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ጠጥቶ የማይረካ፣ ያንኑ ያህል የሚሸና ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? እነሆ፣ አለ።

ሕመሙ በሕክምናው ቋንቋ ከስኳር በሽታ ጋር ስም ይጋራል እንጂ ዝምድና የለውም። ሽንቱ ስለማይጣፍጥ የጥንቶቹ ሐኪሞች በላቲን «ጣዕም የለሽ» አሉት። የጤነኛ ሰው ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል፤ አብዛኛውንም ወደ ደም ይመልሳል። «መልስ» ብሎ የሚያዘው ቫዞፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ነው። ወደ ደም የሚገባውም ከአንጎል ሥር ባለችው፣ የአተር ፍሬ በምታህለው ፒቱታሪ ዕጢ በኩል ነው። ጭንቅላት በአደጋ ሲመታ ወይም ዕጢዋ አካባቢ ዕብጠት ሲወጣ ትእዛዙ ሊቋረጥ ይችላል።

መድኃኒቱ የመጣው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ጣሊያናዊው ፋሪኒና ጀርመናዊው ፎን ዴን ቬልደን ከእንስሳት ፒቱታሪ የወጣ ጭማቂ በመርፌ ሲሰጥ ሽንቱ ጋብ እንደሚል አሳዩ። ኋላም ዕጢው ደርቆና ተፈጭቶ እንደ ሱረት በአፍንጫ ይሳብ ጀመር። በ1967 የፕራጉ ኬሚስት ሚላን ዛኦራል ከባልደረቦቹ ጋር የሆርሞኑን ቅርጽ ጥቂት ለውጠው ዴስሞፕሬሲንን ሠሩ። ከዚያ ወዲህ በአፍንጫ የሚነፋ ጠብታ ጀሪካኑን አስቀረው።

ታዲያ ጠብታው ሲጠፋስ? በ2020 ፌሪንግ የተባለው አምራች በአሜሪካ የአፍንጫ መድኃኒቱን ከገበያ ሰበሰበ። መጠኑ ከተጻፈው በልጦ ተገኝቶ ነበር። መድኃኒቱ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይወርዳል፤ ሕመምተኛው ሊንዘፈዘፍ፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ መሰብሰቡ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በሀብታሙ አገር እንኳ ሕመምተኞች ወደ ኪኒን ለመዞር ተገደዱ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በሽታው ከ25,000 ሰው አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሀዲያና የከምባታ ጠምባሮ ዞኖች ሕዝብ በአንድነት 1.9 ሚሊዮን ያህል ነበር። በዚህ ስሌት ሕመምተኞቹ ከሰባ እስከ ሰማንያ ቢሆኑ ነው። ለሰባ ሰው ብሎ ውድ መድኃኒት በውጭ ምንዛሪ የሚያስመጣ ነጋዴ ማን ነው? ብርቅ በሽታ ያለበት ሰው የሚጎዳው በሕመሙ ብቻ አይደለም፤ በቁጥሩ ማነስም ነው።

ሌላም እጥረት አለ፤ የዕውቀት። በ2009 በለንደን አንድ የ22 ዓመት ወጣት፣ መድኃኒት በሞላበት ሆስፒታል ተኝቶ፣ ኪኒኑ ስላልተሰጠው ውሃ ጠምቶት ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለፖሊስ ደውሎ ነበር። በ2022 ሊቃውንቱ የበሽታው ስም እንዲለወጥ የጠየቁት ከስኳር በሽታ ጋር መምታታቱ ሕይወት እያስከፈለ በመሆኑ ነው።

የሆሳዕናው ሆስፒታል የሀዲያዋን ልጅ የንግሥት እሌኒን ስም ይዟል። ወደዚያም ሆነ ወደ ሌላ ጤና ተቋም ጥማት የበዛበት ሰው ሲመጣ ስኳሩ ይመረመራል። ስኳር ካልተገኘበትስ? «ደህና ነህ» ተብሎ ወደ ጀሪካኑ መመለስ የለበትም። ውሃም ሊከለከል አይገባም። መድኃኒቱን ደግሞ አንድ ከተማ ብቻውን አይችለውም። የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 553/1999 ሲቋቋም ሐሳቡ የየሆስፒታሉን ፍላጎት አጠራቅሞ በጅምላ መግዛት ነበር። የሆሳዕና ጥቂቶች ከጎንደርና ከሐረር ጥቂቶች ጋር ሲደመሩ ገበያ ይሆናሉ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።