ያገለገለ ቶዮታ ራቭ ፎር፦ የተለመዱ ብልሽቶችና የባለቤትነት ወጪ

ቶዮታ ራቭ ፎር የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ ከ1994 ጀምሮ የሚያመርተው አነስተኛ ክሮስኦቨር ነው። ቁመናው የመስክ መኪና ቢመስልም፣ እንደ ላንድክሩዘር በተለየ ሻንሲ ላይ የተጫነ አይደለም፤ አካሉና ሻንሲው እንደ ቤት መኪና አንድ ላይ የተሠራ ነው። ጠንካራ ነው የሚለውን ስም ያተረፈ ቢሆንም ብልሽቶቹ ከትውልድ ትውልድ፣ ከሞተር ሞተር ይለያያሉ። ስለዚህ ያገለገለ ራቭ ፎር የሚያስወጣው ገንዘብ የሚወሰነው ኮፈኑ ሥር ባለው ሞተርና የቀድሞ ባለቤቱ በያዘበት አያያዝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ “ዓ.ም.” ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ትውልዶችና ሞተሮች

የመጀመሪያው ትውልድ (1994–2000) ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ሲሆን፣ በጊዜው መቀየር ያለበት የታይሚንግ ቀበቶ አለው። ሁለተኛው (2000–2005) የቤንዚን ሞተሮቹ በቀበቶ ፋንታ ሰንሰለት ይጠቀማሉ፤ ባለ 1.8፣ 2.0 እና 2.4 ሊትር ቤንዚን እንዲሁም 2.0 ሊትር ናፍጣ ነበረው። ሦስተኛው (2005–2012) ሰፋ ብሎ የመጣ ነው፤ በአንዳንድ ገበያዎች 3.5 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ተገጥሞለታል። አራተኛው በ2013 ሞዴል፣ አምስተኛው በ2019 ሞዴል ጀምረዋል።

የሞተር ችግሮች

በጣም የሚታወቀው ችግር የ2.4 ሊትሩ ሞተር ዘይት መብላት ነው። ከፒስተኑ የዘይት ፋሻ ጀርባ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ በመሆናቸው በካርቦን ይደፈናሉ፤ ፋሻው ይጣበቃል፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የቀረው ዘይት ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ከ2006 እስከ 2008 ለወጡ ራቭ ፎሮች ፒስተንና ፋሻ በነፃ የሚቀየርበትን ዋስትና አራዝሞ ነበር። መኪናው ለዚህ ብቁ መሆኑ የሚረጋገጠው በሙከራ ነበር፦ ዘይቱ እስከ ልኩ ይሞላል፣ መኪናው 1,200 ማይል (1,930 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይነዳል፣ ከዚያ የጎደለው ይለካ ነበር። ከ1 ኳርት፣ ማለትም ከ0.95 ሊትር በላይ ከጎደለ ጥገናው ይፈቀድ ነበር። ዛሬ ዋስትናው ያለፈበት ባለቤት ያለው አማራጭ ወይ ሞተሩን ማሳደስ ወይም ሊቭሎውን ቶሎ ቶሎ እያየ መሙላት ነው። አደጋው መጨመሩ ላይ ሳይሆን መርሳቱ ላይ ነው፤ ዘይት የጎደለበት ሞተር ከፋሻ አልፎ ብሮንዚኑንም ይጨርሳል።

የዚሁ ሞተር ቀደም ያሉ ምርቶች እስከ 2006 ገደማ ድረስ ሌላ ድክመት ነበራቸው። ቴስታታውን የሚያስሩት ብሎኖች የሚገቡበት የአሉሚኒየም ጥርስ፣ በተለይ በሾፌሩ ክፍል በኩል ባለው የሞተሩ ጀርባ፣ እየተነቀለ ይላቀቃል። ብሎኑ ሲላላ ቴስታታው ይነሳል፤ የራዲያተር ውሃ ከኋላ መንጠባጠብ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሞተሩ ይሞቃል። ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መዝጋት አይበቃም፤ ቀዳዳዎቹ ተቆፍረው የብረት ጥርስ ካልገባባቸው ችግሩ ይመለሳል። 2.0 ሊትሩም የዚሁ ቤተሰብ በመሆኑ በተመሳሳይ ሁኔታ ይታማል።

በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ነዳጅ የሚረጨው የ2.0 ሊትር ዲ-4 ዓይነት የነዳጅ ጥራት ማነስ አይስማማውም፤ አየር ማስገቢያው በካርቦን ይደፈናል። በ3.5 ሊትሩ ላይ ደግሞ የቫልቭ ማስተካከያ ዘይት የሚያመላልሰው መስመር የላስቲክ ክፍል ሊፈነዳና ዘይቱን ባጭር ጊዜ ሊያፈሰው ይችላል። መስመሩ ወደ ሙሉ ብረት መቀየሩን ማየት ከሙሉ ሞተር ወጪ ያድናል።

ካምቢዮ፣ ባለ 4 ጎማ አነዳድና መሪ

ከ2001 እስከ 2003 የወጡ አውቶማቲክ ራቭ ፎሮች ማርሽ ሲቀይሩ ይደነግጣሉ። መነሻው ብዙ ጊዜ ካምቢዮው ሳይሆን የሞተሩ ኮምፒዩተር ነው፤ በሰሌዳው ላይ ያሉ ብየዳዎች ይሰነጠቃሉና ለካምቢዮው የተሳሳተ ትእዛዝ ይደርሰዋል። ምልክቱ ሳይታወቅ ካምቢዮ የተቀየረላቸውና ችግሩ ያልተፈታላቸው ብዙዎች ናቸው። ችላ ሲባል ግን ኮምፒዩተሩ ጤነኛውን ካምቢዮም ይዞት ይጠፋል።

የካምቢዮ ዘይት ዓይነት ማደባለቅም ውድ ስህተት ነው፤ ለሁለተኛው ትውልድ አውቶማቲክ የታዘዘው ለሦስተኛው ከታዘዘው የተለየ ሲሆን፣ የሲቪቲ ካምቢዮም የራሱ ዘይት አለው። በባለ 4 ጎማ አነዳድ ዓይነቶች ላይ አንድ ጎማ ብቻ መቀየር ወይም የተለያየ ልክ መጠቀም የፊትና የኋላ ማገናኛውን ያስጨንቃል፤ ስለዚህ አራቱ አንድ ላይ ቢቀየሩ ይመረጣል። በሦስተኛው ትውልድ ላይ መሪ ሲዞር የሚሰማው መንኳኳት አብዛኛውን ጊዜ የመሪው መካከለኛ ዘንግ ነው።

የደኅንነት ጥሪዎች

በ2012 ከ2006 እስከ 2011 ለወጡ ሞዴሎች የኋላ ሰስፔንሽን ክንድ ጥሪ ተደርጓል፤ ነቱ በደንብ ካልታሰረ ክንዱ ይዝግና ሊሰበር ይችላል። በ2016 ደግሞ በዓለም ዙሪያ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ተሽከርካሪዎች ተጠርተዋል፤ ምክንያቱ የኋላ መቀመጫ ብረት በከባድ ግጭት የደኅንነት ቀበቶውን ሊቆርጠው መቻሉ ነው። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ከ2013 እስከ 2018 የወጡ 1.85 ሚሊዮን ያህል ራቭ ፎሮች የተጠሩት፣ ልኩ ያልሆነ ባትሪ ሲገጠም ተንቀሳቅሶ እሳት ሊያስነሳ በመቻሉ ነው። ከሌላ አገር ተጭኖ የመጣ መኪና ጥሪው ሳይፈጸምለት ሊቀር ይችላል፤ በሻንሲ ቁጥሩ ማጣራት ይቻላል።

የባለቤትነት ወጪ

በአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ልኬት፣ የ2008ቱ ባለ 4 ሲሊንደርና ባለ 4 ጎማ አነዳድ ራቭ ፎር በጋሎን 22 ማይል ይሄዳል፤ ይህ በ100 ኪሎ ሜትር 10.7 ሊትር ገደማ ነው። የ2019ኙ ሃይብሪድ 40 ማይል፣ ማለትም 5.9 ሊትር ገደማ ይጠቀማል፤ ሆኖም ከ2019 እስከ 2021 በወጡት ላይ ወደ ኋላ ሞተር የሚሄደው የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ በዝገት መበላሸቱ ይታወቃል።

በኢትዮጵያ ወጪው የራሱ መልክ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ተራ ውሃም 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ክዳኑ የላላ ወይም ኩላንት የሌለው ራዲያተር በዳገት ላይ ቶሎ ይጋለጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜን ያገናዘበ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ታግዷል። በመሆኑም አገር ውስጥ ያለው ራቭ ፎር ዋጋው ቶሎ አይወርድም፤ በዕድሜ የገፋውም እየተጠገነ ይነዳል። በመርካቶው ሶማሌ ተራ መለዋወጫ መገኘቱ ይጠቅማል፤ ግን ኦርጂናልና ተመሳሳዩን መለየት የገዢው ፋንታ ነው።

ሲገዙ የሚታይ

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሊቭሎው ይታያል፤ ከተነሳ በኋላ ጋዝ ሲሰጡት ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን ያሳብቃል። ከሞተሩ ጀርባ የደረቀ የኩላንት ምልክት ካለ ቴስታታው ይጠረጠራል። አውቶማቲክ ከሆነ ሞተሩ ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም መነዳት አለበት። ኪሎ ሜትር የሚመለስበት ገበያ ስለሆነ ቆጣሪውን ከፍሬን ፔዳሉ፣ ከመሪው ቆዳና ከወንበሩ መበላት ጋር ማመሳከር ይሻላል። ሊብሬውና ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑም ከዋጋ ድርድሩ በፊት ይረጋገጣል።