እንዶድ በደሴና በኮምቦልቻ

እንዶድ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር በየአጥሩና በየጥሻው የሚበቅል ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ነው። ደሴም፣ ከርሷ ዝቅ ብላ የምትገኘው ኮምቦልቻም በዚህ ወሰን ውስጥ ናቸው። ተክሉ ወንዴና ሴቴ ስላለው ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ብቻ ነው። ፍሬው ሳይበስል ተለቅሞ ይደርቃል፤ ተወቅጦ በውኃ ሲታሽም አረፋ ይሰጣል። ሳሙና እስኪስፋፋ ድረስ የነጠላውና የጋቢው ማንጫ ይኸው ነበር። አረፋውን የሚያስገኘው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በባህል መድኃኒትነትም ይወሰዳል፤ መጠኑ ካለፈ ግን መርዝ ነው።

የአጣቢ ሴቶች ዕውቀት ወደ ቤተ ሙከራ የገባው በወሎ ሳይሆን በዓድዋ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የብልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። የበሽታውን ትል የሚያሳድጉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከአጣቢዎቹ አረፋ ተቀብለው በሕይወት ባሉት ላይ ቢያፈሱባቸው እነርሱም ሞቱ። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩ ለደሴና ለኮምቦልቻ ባዕድ አይደለም። ሁለቱን ከተሞች አቋርጦ ወደ ጨፋ የሚወርደው የቦርከና ተፋሰስ፣ በተለይ በከሚሴ በኩል፣ ብልሃርዝያ የሚታወቅበት ነው። እንዶድ በውኃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይፈርሳል፤ ዓሣን ግን ስለሚገድል ዓሣ ባለበት ውኃ እንዳሻ አይጨመርም።