ፈንጣጣን ማን አጠፋው?

«ከተበ» በግዕዝ ጻፈ ማለት ነው። አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ቆዳን በስለት ጫር ጫር አድርጎ መድኃኒት ማስገባት ጽሕፈት መስሎ ስለታየ ይሆናል፣ እሱም መክተብ ተባለ። ፈረንጆቹ ለዚሁ ነገር የያዙት «ቫክሲን» የሚለው ስም ግን ከላቲኑ «ቫካ»፣ ከላም የተወለደ ነው። አንዱ ቃል ከጭረት መጣ፣ ሌላው ከበረት። ሁለቱም የሚያደርሱት ወደ አንድ በሽታ ታሪክ ነው፤ ወደ ፈንጣጣ።

ፈንጣጣ ዛሬ የለም። የሰው ልጅ ከራሱ በሽታዎች መካከል ከምድር ገጽ ጨርሶ ያጠፋው እሱን ብቻ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ወደ 300 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገመታል። ከ3 ሺህ ዓመት በፊት የሞተው የግብፁ ፈርዖን ራምሴስ 5ኛ አስከሬን ፊቱ ላይ የሚታየው ምልክት የዚሁ በሽታ እንደሆነ ይታመናል። ንጉሥ ከሎሌ አይመርጥም ነበር። ክፉው ዓይነት ከያዛቸው አሥር ሰዎች ሦስቱን ይገድላል፤ የተረፈውን ፊቱን ይቦረቡረዋል፣ አንዳንዱንም ዓይነ ስውር ያደርገዋል።

ይህን መዓት ማን አጠፋው ቢባል መልሱ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ዝግጁ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር። መልሱ ስህተት የለበትም። ጎዶሎ ግን ነው።

ከጄነር በፊት የነበሩት ሐኪሞች ምን ያውቁ ነበር? ፋርሳዊው ሐኪም አል-ራዚ ከ1,100 ዓመት በፊት ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፏል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን በሽታን መለየት ሌላ፣ ማዳን ሌላ። በ1770 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ ቁስቋም፣ እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ውስጥ፣ ፈንጣጣ ገብቶ ደረሰ። ሕሙማኑ በተዘጋና በሞቀ ክፍል ታፍነው ነበር። ብሩስ በርና መስኮት አስከፈተ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤም አሳጠበ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ዳነና ብሩስ በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ስም አገኘ። ሌሎቹ ሁሉ ግን አልዳኑም። በዘመኑ የአውሮፓ ሕክምና ለፈንጣጣ ያለው የተሻለ ነገር ይኸው ነበር፤ ንጹሕ አየርና ንጽሕና።

የሚገርመው ሐኪሞቹ ያላወቁትን ተራው ሰው ማወቁ ነው። አንዴ ፈንጣጣ የወጣበት ሰው ዳግም እንደማይያዝ እናቶች ያውቁ ነበር። ታዲያ ቀለል ካለበት ሕመምተኛ ቁስል ጥቂት መግል ወስዶ ጤነኛ ልጅ ክንድ ላይ ማኖር፤ ልጁ ቀለል አድርጎ ይታመማል፣ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ይድናል። ቻይናዎች የደረቀውን ቅርፊት ፈጭተው በአፍንጫ ይነፉት ነበር። በሕንድ፣ በቱርክ፣ በአፍሪካ ብዙ አገሮች ቆዳ ይጫር ነበር። በኢትዮጵያም እንዲሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ይህንኑ ሲደረግ እንዳየ ጽፏል። የአገራችን ከታቢ ላም ሳያስፈልገው ይከትብ ነበር ማለት ነው።

አውሮፓ ይህን ጥበብ ያገኘችው ከሴት ነው። በቁስጥንጥንያ የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት የነበረችው ሌዲ ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ ወንድሟን ፈንጣጣ ገድሎባታል፣ የራሷንም ፊት አበላሽቶ ሽፋሽፍቷን አርግፎታል። ቱርክ አገር አሮጊቶች በመርፌ እየጫሩ ልጆችን ሲከትቡ አየች፤ በ1718 ልጇን አስከተበች። ለንደን ተመልሳ በ1721 ሴት ልጇንም በሐኪሞች ፊት አስከተበች። የባዕድ አገር አሮጊቶች ዘዴ ነው ብለው የናቁት ብዙ ነበሩ።

በዚያው በ1721 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ፈንጣጣ ገባ። ኮተን ማዘር የሚባል ታዋቂ ሰባኪ ከዓመታት በፊት ኦኔሲመስ የተባለ አፍሪካዊ ባሪያ ነበረው። ፈንጣጣ ወጥቶብህ ያውቃል ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ወጥቶብኛልም አልወጣብኝምም የሚል መልስ ሰጠው፤ በአገሩ እንዴት እንደተከተበም አስረዳው፣ ጠባሳውንም አሳየው። ማዘር የሰማውን ይዞ የከተማውን ሐኪሞች ለመነ። ከእነሱ መካከል እሺ ያለው ዛብዲኤል ቦይልስተን አንዱ ብቻ ነበር። የቀሩት ከባሪያ የተገኘ ሕክምና አንቀበልም አሉ፤ አንድ ሌሊት የማዘር ቤት ውስጥ በመስኮት ቦምብ ተወረወረ፣ ሳይፈነዳ ቀረ እንጂ። ወረርሽኙ ሲያልፍ ተቆጠረ። በበሽታው ከተያዙት ወደ 5,900 ሰዎች 844 ሞተዋል፣ ከሰባት አንድ ማለት ነው። ቦይልስተን ከከተባቸው ወደ 240 ሰዎች የሞቱት 6 ናቸው። ቁጥሩ ሙግቱን ጨረሰው። የኦኔሲመስን ስም ግን ለብዙ ዘመን ያነሳው አልነበረም።

ጄነር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሱ ራሱ በ8 ዓመቱ በአሮጌው ዘዴ የተከተበ ልጅ ነበር። ላም የሚያልቡ ሴቶች ከላሟ ጡት እጃቸው ላይ ቀላል ቁስል እንደሚይዛቸው፣ የያዛቸውም ፈንጣጣ እንደማይነካቸው የገጠሩ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር። ቤንጃሚን ጄስቲ የሚባል ገበሬ በ1774 ይህንኑ ወሬ አምኖ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ከላም ቁስል ከተባቸው፤ ጎረቤት ሰደበው፣ እንደ አውሬ አየው። ጄነር ከ22 ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 14 ቀን 1796 እ.ኤ.አ.፣ ከአንዲት ላም አላቢ እጅ መግል ወስዶ የ8 ዓመቱን ጄምስ ፊፕስን ከተበ። በሐምሌ ደግሞ እውነተኛውን ፈንጣጣ ወጋው። ልጁ አልታመመም። (ዛሬ ቢሆን የትኛውም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይህን አይፈቅድም።) የጄነር ታላቅነት የሰማውን ተረት ብሎ አለመናቁ፣ ፈትኖ፣ ጽፎ፣ በ1798 አሳትሞ ለዓለም መስጠቱ ነው። ከአሮጌው ዘዴም አንድ ትልቅ ብልጫ ነበረው፤ በድሮው መንገድ የተከተበ ሰው እውነተኛ ፈንጣጣ ስለሚይዘው ለጎረቤቱ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ አንዳንዴም ራሱ ይሞታል። የላሙ ግን አያስተላልፍም።

ክትባቱ ከተገኘ በኋላ በሽታው ለመጥፋት ወደ 180 ዓመት ፈጀ። ክትባት ሙቀት ያበላሸው ነበር፣ መንገድ የለም፣ ገንዘብ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1967 ዘመቻውን ሲያጠናክር ሙቀት የሚችል የደረቀ ክትባትና ጫፉ ሁለት የሆነ ቀላል መርፌ እጁ ገብተው ነበር። ሐሳቡም ተለወጠ። ሁሉንም ሰው ከመክተብ ይልቅ ሕመምተኛውን ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን መክተብ እንደሚያዋጣ በናይጄሪያ ታየ። ይህ ማለት ግን ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ ነው።

የመጨረሻው ከባድ ፈተና ኢትዮጵያ ሆነች። ዘመቻው በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር ጤና ጥበቃና የውጭ አማካሪዎቹ ዓይናቸው ወባ ላይ ነበር። በተጀመረበት ዓመት ግን ፍለጋው ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን አወጣ፤ በዚያ ዓመት በዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ሠራተኞቹ አገር በቀል ሳኒቴሪያኖችና የውጭ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ብራዚላዊው ሲሮ ደ ኳድሮስም የመስክ ሥራውን ከመሩት አንዱ ነበር። በእግርና በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ገቡ። ገበያና ትምህርት ቤት እየሄዱ የሕመምተኛ ፎቶ እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ይሉ ነበር። በዘመቻው ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ አማፅያን ሄሊኮፕተሩን ይዘውበት ሳለ ያገቱትን ሰዎች የከተበው አብራሪ ነው።

ጎጃም ላይ ሥራው ከበደ። እዚህ ላይ ገበሬውን መሃይም ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ብዙ ሪፖርትም ያንን ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በኢትዮጵያ የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ነበር፤ የሚገድለው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ገበሬው ከእሱ የሚብስ ወባና ረሃብ ያውቃል። የራሱ ከታቢ አለው፣ አባቱም አያቱም በእሱ ድነዋል። ደግሞም በግብር ምክንያት ከመንግሥት ጋር ከተዋጋ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም፤ ቤት ቆጥሮ ስም የሚጽፍ እንግዳ ሲመጣ በጎ ነገር ይጠብቅ? ችግሩ ያ ለዘመናት ያዳነው የመንደሩ ክትባት ራሱ በሽታውን በሕይወት ማቆየቱ ነበር። ከታቢው በየክንዱ የሚያኖረው እውነተኛ ፈንጣጣ ነውና። የሴት አያቶች ጥበብ አውሮፓን ወደ ጄነር ያደረሰውን ያህል፣ እዚህ የመጨረሻው መደበቂያ ሆነ። ይህን ደግሞ በጠብመንጃ ማስቀረት አይቻልም፤ ተቀምጦ ማስረዳት ይጠይቃል። አብዮት መጣ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ ፍለጋው ግን አልቆመም። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኤል ከሬ በኩል ዲሞ በምትባል የአርብቶ አደር መንደር የአገሪቱ የመጨረሻዋ ሕመምተኛ ተገኘች፤ ሕፃን ልጅ ነበረች።

ከዚያ በሽታው ሶማሊያ ላይ ቀረ። በጥቅምት 1977 እ.ኤ.አ. በመርካ ከተማ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ የነበረው የ23 ዓመቱ አሊ ማው ማሊን ሁለት የታመሙ ልጆች የያዘ መኪና መንገድ ጠፍቶት ቆሞ አየ። መንገዱን ሊያሳይ ገብቶ ተቀመጠ፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ። በሆስፒታል እየሠራ አልተከተበም ነበር፤ መርፌው ያማል ብሎ ሸሽቷል። ታመመ፣ ዳነ፤ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 1980 በሽታው መጥፋቱን አወጀ።

አሊ በኋላ ፖሊዮን ለማጥፋት በሚደረገው ዘመቻ ተቀጠረ። ልጆቻቸውን አናስከትብም ያሉ እናቶች ጋ ሲደርስ የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር፤ እኔም ፈርቼ ነበር፣ እንዲህ ሆንኩ እያለ። በ2013 ፖሊዮ ተመልሶ ሶማሊያ ሲገባ እንደገና ወጣ። በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ወባ ያዘውና ሞተ።