የኮረብታ ምደባና የመለኪያው እርምጃ፤ ከፈላ ውኃ እስከ ጠፈር ራዳር

የአንድ ተራራ ከፍታ በተፈጥሮ የተወሰነ ነው፤ በመጽሐፍ የሚጻፈው ቁጥር ግን የመለኪያ መሣሪያው ውጤት ነው። ከዚህም የተነሣ ተራራው ከቦታው ሳይነቃነቅ መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ደረጃውና መደቡ ሲለወጥ ታይቷል። በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ይህ ታሪክ ከ180 ዓመት በላይ አስቆጥሯል። በጠፈር ራዳር ዘመን ደግሞ ጉዳዩ ከጂኦግራፊ መማሪያ ገጽ ወጥቶ እስከ ገበሬው ማሳ ደርሷል።

እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ የተዘዋወረው ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው በቴዎዶላይት እያነጣጠረ የቦታዎችን አቀማመጥ ይወስን ነበር። ለከፍታ ከተገለገለባቸው ዘዴዎች አንዱ ውኃ የሚፈላበትን ሙቀት መለካት ነው። ከፍታው 300 ሜትር ያህል በጨመረ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። እንግዲህ በቴርሞሜትሩ ንባብ ላይ የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ስሕተት ቢፈጠር፣ ተራራው 30 ሜትር ያህል ያድጋል ወይም ያጥራል ማለት ነው። የአየሩ ግፊት ከቀን ወደ ቀን መለዋወጡ ሲጨመርበት፣ በዚያ ዘመን የተገኙት ቁጥሮች ወደ እውነት መቅረባቸው ራሱ የሚያስደንቅ ነው።

ቁጥር ሲለወጥ ደረጃ እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት ራስ ደጀን ጥሩ ምሳሌ ነው። የተራራው ከፍታ ለብዙ ዘመን 4620 ሜትር እየተባለ ሲጻፍ፣ ከኪሊማንጃሮ፣ ከኬንያና ከሩዌንዞሪ ቀጥሎ በአፍሪካ አራተኛ ሆኖ ይቆጠር ነበር። በኋላ 4533 ሜትር የሚለው ቁጥር ተተካ። የ87 ሜትሩ ልዩነት 4562 ሜትር የሚለካውን የታንዛኒያውን ሜሩ ተራራ ከራስ ደጀን በላይ አስቀመጠው። በዚህ ሽግሽግ የተነካ ነገር ቢኖር የተማሪ ደብተርና የሀገር ኩራት ብቻ ነው፤ በስሜን ገብስ የሚዘራው ገበሬ ከማሳው አንድ ክንድ እንኳ አልተቀነሰበትም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የአየር ፎቶግራፍ ለካርታ ሥራ ሲውል፣ ከፍታ በነጥብ ብቻ ሳይሆን በመስመር መነበብ ጀመረ። በ1፡50000 ካርታ ላይ ሁለት የከፍታ መስመሮች በተለመደው አሠራር 20 ሜትር ይራራቃሉ። ከዚህ ያነሰ ጉብታ በሁለቱ መስመሮች መካከል ሊሰወር ይችላል። ሆኖም ካርታውን የያዘ ባለሙያ የመስመሮቹን ርቀት በግልጽ ስለሚያይ፣ ካርታው የማይነግረው ምን እንደሆነም ያውቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር አንድ የራዳር አንቴና በጭነት ክፍሏ፣ ሌላውን በ60 ሜትር ዘንግ ጫፍ ተሸክማ ለ11 ቀናት ምድርን ዞረች። ከየብሱ 80 በመቶ ያህሉን ለካች። ውጤቱ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ አገሮች በመጀመሪያ የተሰጠው ጎናቸው 90 ሜትር ያህል በሆነ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ ነው። ባለ30 ሜትሩ እ.ኤ.አ. በ2014 መለቀቅ ሲጀምር ከአፍሪካ ተጀመረ። የሥራው ዕቅድ የከፍታ ስሕተቱ ከ16 ሜትር እንዳይበልጥ ነበር፤ በአፍሪካ በተደረገው ማረጋገጫ ግን ከተለኩት ነጥቦች 90 በመቶው ከ6 ሜትር ባነሰ ስሕተት ተገኝተዋል። በፈላ ውኃ ዘመን ለነበረ ቀያሽ ይህ ሕልም ነው።

ዳሩ ግን ትክክለኛ ከፍታ ሁልጊዜ ትክክለኛ ምደባ አይሰጥም። ወይና ደጋን ከደጋ የሚለየው ወሰን በብዙ ጥናቶች 2300 ሜትር ተብሎ ይወሰዳል። እዚህ ላይ የ6 ሜትር ስሕተት እምብዛም አይጎዳም፤ ገበሬው ራሱ ደጋን የሚያውቀው በብርዱና በሚበቅለው እህል እንጂ በተሰመረ መስመር አይደለምና። ተዳፋት ግን ከዚህ ይለያል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከለከለ፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ቢተካም፣ ተዳፋት በምን ይለካል የሚለው ጥያቄ አልተሻረም።

ለምሳሌ በ50 ሜትር አግድም ርቀት 40 ሜትር የሚወርድ ገደል፣ ከግርጌውም 40 ሜትር ስፋት ያለው ደልዳላ መሬት አለ እንበል። በሥፍራው የቆመ ቀያሽ ገደሉን 80 በመቶ፣ ደልዳላውን ዜሮ ብሎ ይመዘግባል። ባለ90 ሜትሩ መረጃ ግን ሁለቱን አጣምሮ 44 በመቶ የሆነ አንድ ተዳፋት ያደርጋቸዋል። በዚህ ስሌት መታረስ የማይገባው ገደል እርከን ተሠርቶለት ሊታረስ ይፈቀዳል፤ ሜዳው ላይ የሚያርሰው ገበሬ ደግሞ የማያስፈልገውን እርከን ይታዘዛል። ከፍታው ሳይሳሳት ምደባው ሁለት ጊዜ ተሳሳተ ማለት ነው። በሌላ በኩል ራዳሩ ጥቅጥቅ ካለ ደን እስከ አፈሩ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘልቅ፣ በኮረብታ አናት ላይ የሚገኝ የደብር ደን የዛፎቹን ቁመት በከፊል ለኮረብታው ያበድረዋል።

ይህ ሁሉ የርቀት ዳሰሳን ጥቅም አያሳንስም፤ ማንም ቀያሽ በእግሩ ሊያዳርሰው የማይችለውን አገር በአንድ ዓይን አሳይቷል። ነገር ግን የአየር ፎቶግራፉ ካርታ የመስመሮቹን ርቀት በግርጌው ይናገር እንደነበረ ሁሉ፣ ከጠፈር መረጃ የሚወጣ የተዳፋት ካርታም የመለኪያውን እርምጃ አብሮ ሊናገር ይገባዋል። ለ31 ወይም ለ60 በመቶ የቀረበ ቁጥር ያለበት ማሳ ሲገኝ ውሳኔው ከቢሮ አይሰጥ፤ ክሊኖሜትርና ውኃ ልክ የያዘ ባለሙያ ከገበሬው ጋር ማሳው ላይ ይቁም። ራስ ደጀን የተወሰደበትን 87 ሜትር አይጠይቅም፤ ማሳው በስሕተት የተመደበበት ገበሬ ግን መልስ ይሻል።