ስልክዎ ሥራውን ለማን ያስረክባል?

የዛሬ ስልክ ምስል ይለያል፣ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ይገለብጣል፣ ቋንቋ ይተረጉማል። ይህ ሁሉ ባትሪ ይበላል፣ መሣሪያውንም ያግላል። ስለዚህ ከባዱን ስሌት ለሌላ ኮምፒዩተር አስረክቦ ውጤቱን ብቻ መቀበል የተለመደ አሠራር ሆኗል። እኔ የሕግ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን የማስረዳው ሁላችንም በምናውቀው ወፍጮ ቤት ነው።

በአጅባር ወይም በመካነ ሰላም አንዲት እናት ጥቂት እፍኝ ገብስ ቢኖራት በመጅ ትፈጨዋለች። ቁና ሙሉ ከሆነ ወፍጮ ቤት ትወስደዋለች። ወፍጮው ያለው ደሴ ከሆነ ግን መንገዱ ከመፍጨቱ ይብሳል። የስልክም ሂሳብ ይኸው ነው። የሚላከው ዳታ ትንሽ፣ ሥራው ግን ብዙ ከሆነ ማስረከብ ያዋጣል፤ የታመመ የሰብል ቅጠል ፎቶ ልኮ በሽታውን ማስለየት ለዚህ ምሳሌ ነው። ዳታው ብዙ፣ ሥራው ጥቂት ከሆነ እዚያው ስልኩ ላይ መጨረስ ይሻላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲው ማሃዴቭ ሳትያናራያናን ትንንሽ መሣሪያዎች በአቅራቢያቸው ካለ ኮምፒዩተር ጉልበት እንዲበደሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ጽፈዋል። በ2009 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር «ክላውድሌት» ያሉትን፣ ተጠቃሚው አጠገብ የሚቀመጥ አነስተኛ ሰርቨር አቀረቡ።

ቅርበት ለምን አስፈለገ? ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም፤ ወረፋውና የመስመሩ ጠመዝማዛ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ሥራን ማስረከብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብር *127# ደውሎ ገንዘብ የሚልክ ሰው ሂሳቡ የሚሠራለት ስልኩ ላይ ሳይሆን ሩቅ ባለ ሰርቨር ነው። የጎደለን ቅርበቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በዚያ ኢንተርኔት በኩል ሩቅ ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ አገልግሎት አብሮ ቆመ።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ካምፓስ አለው። እዚያ አንድ ሰርቨር ተቀምጦ በዋይፋይ አካባቢውን ቢያገለግል እንበል። መብራት እስካለ ድረስ የውጭው መስመር ቢቋረጥም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስልክ ሥራ አይፈታም።

ይሁን እንጂ ባለወፍጮ እህሉን ያያል። ዳታ በመንገድ ላይ በምስጢር ቁልፍ ቢጠበቅም፣ ለስሌት ሲቀርብ በአብዛኛው መከፈቱ አይቀርም። የታካሚ መረጃ ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ዳታው የሚወስነውን አካል በእርሱ ስም ከሚሠራው ለይቶ ኃላፊነት ይጥላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ አደራ ይደነግጋል፤ ነገር ግን አደራው የሚታይ ዕቃ እንጂ በቅጽበት የሚባዛ ዳታ ይሆናል ብሎ አልተጻፈም።

ስለዚህ ማንም ተቋም ሰርቨሩን ከመሰካቱ በፊት ሦስት ነገር በውል ይጻፍ እላለሁ፤ ዳታው ከስሌቱ በኋላ መቼ ይሰረዛል? ማን ሊያየው ይችላል? ስሌቱ ተሳስቶ ሰው ቢጎዳ ማን ይከሳል፣ ማንስ ይከሰሳል? ወፍጮው ቅርብ መሆኑ መልካም ነው፤ ባለወፍጮው ማን እንደሆነ ማወቅ ግን ይቀድማል።