ቀይ ዶቃ ለምን ተወደደ?

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ንጉሥንና ጦርነትን ነው። በአንገት ላይ የተንጠለጠለ ዶቃም ታሪክ እንዳለው የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኔ ግን የዶቃን ነገር በተከታተልኩ ቁጥር፣ ከቀለሙ ብቻ የባለሙያውን ድካም፣ የነጋዴውን ትርፍና የገዢውን ልብ ማንበብ እንደሚቻል እየገባኝ መጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቅርባችን እንጀምር። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕርን ንግድ በግሪክኛ የጻፈ፣ ስሙ ያልታወቀ ሰው፣ ዛሬ በኤርትራ ምድር በሚገኘው የአዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት ብርጭቆ ይቆጥራል። ኔቪል ቺቲክ ከ1972 እስከ 1974 በአክሱም ባካሄደው ቁፋሮም የብርጭቆ ዶቃዎች ተገኝተዋል። ጨርቁና ቆዳው አፈር ሆኖ ሲቀር ዶቃው ከነቀለሙ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥንታዊው ባለሙያ ብርጭቆውን ሠርቶ ካበቃ በኋላ ቀለም አይቀባውም፤ አሸዋው በእሳት ሲቀልጥ ማዕድን ጨምሮ አብሮ ያበስለዋል። በርበሬ ከወጥ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ለይቶ የሚያወጣው እንደሌለ ሁሉ፣ ይህንንም ቀለም ውኃ አያጥበውም፣ ፀሐይም በቀላሉ አይመጠውም። ኮባልት ሰማያዊ፣ ማንጋኒዝ ሐምራዊ፣ መዳብ ደግሞ እንደ እቶኑ ጠባይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይሰጣል። መቃብሩ በ1922 የተገኘው የቱታንክሃሙን የወርቅ ጭምብል ላይ ያሉት የብርጭቆ መስመሮች ከ3,300 ዓመት በኋላ ዛሬም ሰማያዊ ናቸው።

ይሁን እንጂ ቀለም ሁሉ እኩል አይገኝም። ጥቂት ኮባልት ብዙ ብርጭቆ ያቀልማል፤ ቀይ ግን አስቸጋሪ ነው። ከመዳብ ቀይ ለማውጣት እቶኑ አየር እንዲያጥረው ማድረግ ግድ ይላል፤ አየር ከበዛ ቀዩ ይጠፋል። ጥርት ያለውን ቀይ የሚሰጠው ወርቅ ነው። ፍሎረንሳዊው ቄስ አንቶኒዮ ኔሪ በ1612 ባሳተመው የብርጭቆ ሥራ መጽሐፍ ይህን ጠቅሷል፤ ዮሐን ኩንከልም በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በጀርመን አገር በፖትስዳም ሠርቶ አሳይቷል። ወርቅ የገባበት ብርጭቆ መጀመሪያ ቀለም የለሽ ሊመስል ይችላል፤ የሚቀላው እንደገና ሲሞቅ ነው።

በ1291 እቶኖቻቸው በመንግሥት ትእዛዝ ወደ ሙራኖ ደሴት የተዛወሩባቸው የቬኒስ ብርጭቆ ሠሪዎች በኋላ ለዚህ ችግር ዘዴ አበጁለት። የዶቃውን ሆድ ነጭ አድርገው ከላይ ስስ ቀይ አለበሱት። በዚህም ውዱ ቀለም ተቆጠበ፤ ወፍራም ሲሆን ጨለም የሚለው ቀይም ከሥሩ ነጩ ብርሃን ስለሚመልስለት ደመቀ።

ይህች ዶቃ ምን ያህል እንደተወደደች የጻፈልን በ1855 ሐረር ገብቶ የነበረው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች በ1860 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ነጭ ላይ ቀይ የለበሰችውን ዶቃ የአገሬው ሰው ምግብ ጨራሽ፣ ከተማ አፍራሽ እያለ ይጠራት እንደነበር ይነግረናል። ባል እራቱን ሰጥቶ ይገዛታል፤ ሴቶቹም ያብዱላታል ማለት ነው። ገዢው የወደደው፣ ለሠሪው ከሁሉ የከበደውን ቀለም መሆኑ ይገርመኛል።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። በርካሽ ከሚሸጡት ሮዝና ሐምራዊ ዶቃዎች ብዙዎቹ ቀለማቸው ከብርጭቆው ጋር የበሰለ አይደለም፤ ወይ በላዩ የተቀባ፣ ወይ በቀዳዳው ውስጥ የተለሰነ ነው። ፀሐይ የዚህን ቀለም ቅንጣቶች ትሰባብራለች፤ ላብ፣ ሽቶና ሳሙናም ይልጡታል። እኔ ራሴ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ሮዝ ዶቃ መስኮት አጠገብ ሰንብቶ ነጣ፤ ከዚያው ክር በሳጥን የቀረው ግን አሁንም ሮዝ ነው። እንዲህ ያለ ዶቃ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ጥቂቱን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ጥቂቱን በጨለማ አስቀምጦ ቢያስተያይ ገንዘቡን ያድናል።

ታሪክ ለሚጽፍ ሰውም ትምህርት አለው። ከዓመታት በኋላ አንዲት እናት ያወረሰችው ክር በእጃችን ሲገባ፣ ነጭ ዶቃ አይተን ነጭ ትወድ ነበር ለማለት መቸኮል የለብንም። ቀዳዳውን ገልበጥ አድርጎ ማየት ይገባል። ምናልባት እዚያ ውስጥ፣ ፀሐይ ያልደረሰበት ጥቂት ሮዝ ቀርቶ ይሆናል።